ብቻውን የተሰበረው መስታወት

መስታወቱን እኔ አልሰበርኩትም። ይህን ያልነገርኩት ሰው የለም። ለአባቴ ነግሬያለሁ፣ ለእናቴ ነግሬያለሁ፣ ለአክስቴ ነግሬያለሁ። አንድ ጊዜ አውቶቡስ ላይ አጠገቤ ለተቀመጠች ሴት ነግሬያት፣ መውረጃዋ ሳይደርስ ወርዳለች። በዚህ ዕድሜሽ አንዲት የመስታወት ቁራጭ ምን ታስጨንቅሻለች ትሉኝ ይሆናል። ከቤት የወጣሁት በእሷ ነው። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቀረው በእሷ ነው። የራሴ የምለው ክፍል አጥቼ እዚህ የደረስኩት በእሷ ነው። ስለዚህ ታስጨንቀኛለች።

ቤታችን ሦስት ክፍል ነበረው። ሁለቱን አባቴ ከአባቱ ነው ያገኛቸው። ሦስተኛዋን፣ በጓሮ በኩል የተቀጠለችውን፣ እናቴ ናት ያሠራቻት። እናቴ ለአንድ የእንግዳ ማረፊያ አንሶላ ታጥብ ነበር። ጠዋት ጋሪ መጥቶ የቆሸሸውን ይጥላል፣ አመሻሽ ላይ የታጠበውን ይወስዳል፣ መሀሉ በሙሉ ሳፋና ሳሙና ነው። ጓሯችን ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነበር። በአንሶላዎቹ መሀል ስሮጥ እርጥብ ጨርቅ ፊቴን ይመታኛል፣ እናቴ ደግሞ ከወዲያ ማዶ «እጅሽን!» ትላለች። እጄን ሳታየው መቆሸሹን ታውቃለች።

ያቺን ክፍል በዚህ ሥራ ነው ያቆመቻት። እንግዳ ሲመጣ ሁለቱን ክፍል አሳልፋ ወደ ጓሮ ትወስደውና ግድግዳውን በመዳፏ መታ መታ እያደረገች «ይኼ የኔ ሳሙና ነው» ትላለች። አባቴ ከኋላ ሆኖ «እኛማ አረፋው ነን» ይላል። ሁልጊዜ ያው አንድ ቀልድ ነው፣ ሁልጊዜ ትስቅለታለች።

ክፍሏ የእኔ ነበረች። ሰማያዊ ቀለም ተቀብታ ነበር። እህት ወንድም ስለሌለኝ የሚጋራኝ አልነበረም።

ስንጥቁ ከመስኮቱ ማዕዘን ጀመረ። መጀመሪያ እንደ ፀጉር ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ትንሿ ጣቴ ትገባበት ነበር። እኔ እንኳን ልፈራው ወድጄው ነበር። ጠዋት ጠዋት ብርሃን በቀጭኑ ይገባበታል። ቁልፍ፣ ዶቃ፣ የእርሳስ ቁራጭ እደብቅበታለሁ። ከትምህርት ቤት ስመጣ ውሎዬን የምነግረው ለእሱ ነበር። እናቴ ከሳፋዋ ቀና አትልም፣ አባቴ ብስክሌት ቤቱ ነው፤ ታዲያ ለማን ልንገር?

አባቴ ብስክሌት ይጠግን ነበር። የሚያከራያቸው ብስክሌቶችም ነበሩት፣ በር ላይ ተደርድረው። ስንጥቁን ያየ ቀን ምንም ሳይል ወጥቶ ግንበኛ ይዞ ተመለሰ። ሰፈሩ ሰውየውን ቱንቢ ይለዋል። ቱንቢ ግንበኛ የግድግዳ መቅናት የሚያይበት፣ ጫፉ ላይ ብረት የተንጠለጠለበት ክር ነው። ሰውየው ሲቆምም ሲሄድም ልክ እንደዚያ ቀጥ ብሎ ነበር።

ቱንቢ በቆርቆሮ ውስጥ ጄሶ በውሃ በጠበጠ። ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ጠብ ጠብ አደረገና የጣት ስፋት ያላት መስታወት በላዩ አጋድሞ ለጠፈ።

«ማንም እንዳይነካት» አለ። ወደ እኔ ዞረ። «በተለይ አንቺ።»

«ምን ታደርጋለች?»

«እሷ ደህና ከሆነች ቤቱም ደህና ነው።»

እኔ የገባኝ መስታወቷ ቤቱን ደግፋ እንደያዘች ነው። ያን ሁሉ ግድግዳ፣ ያን ሁሉ ቆርቆሮ፣ ያቺ ቀጭን ነገር ይዛዋለች። ከዚያ በኋላ በሩን ቀስ ብዬ ነው የምዘጋው። ፊቴን ወደ እሷ አዙሬ ነው የምተኛው። ማስነጠስ ሲመጣብኝ ወደ ውጭ እሮጣለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ እናቴ ጓሮ እያጠበች፣ አባቴ ሥራው ላይ ሆኖ፣ እኔ አልጋዬ ላይ ተንጋልዬ እያየኋት «ጠቅ» አለች። የጣት አንጓ ሲንቋቋ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ። መሀሏ ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ግማሿ ከጄሶው ተላቃ ብርድ ልብሴ ላይ ወደቀች።

ቤቱ የሚወድቅ መስሎኝ እየጮህኩ ወጣሁ።

«እማዬ! መስታወቷ ተሰበረች!»

«ነካሻት?»

«አልነካኋትም! ብቻዋን ነው!»

«ብቻዋን? እግር አላት?»

አባቴ ተጠርቶ መጣ። እጁ በሰንሰለት ቅባት እንደጠቆረ ነበር። ቁራጯን አነሳ፣ ብርሃን ላይ አድርጎ ብዙ አያት። ከዚያ ሄዶ ቱንቢን አመጣ፤ ሁለቱ ዞረው ወደ ክፍሌ ጀርባ ሄዱ። እኔ አንሶላዎቹ መሀል ተደበቅሁ። የሚታየኝ ከጉልበታቸው በታች ብቻ ነው። ቱንቢ ረጅም ፌሮ ይዞ ነበር። ግድግዳው ሥር፣ እናቴ የሳፋ ውሃ የምትደፋበት ቦታ ላይ አቆመውና ጫን አለው። መዶሻ አላነሳም። ብረቱ መርፌ ጥጥ ውስጥ እንደሚገባ ገባ፤ የቱንቢ ጡጫ መሬት እስኪነካ ድረስ።

በዝግታ አንድ ነገር ተናገረ። «ውሃ» ሲል ሰማሁት፣ ሌላው አልተሰማኝም። በዚያው ቅጽበት እናቴ ከወዲያ ሳፋዋን ደፋች። ግራጫ የሳሙና ውሃ አረፋውን ይዞ በአንሶላዎቹ ሥር እየሮጠ መጣና በአባቴ ጫማዎች መሀል አለፈ። የአባቴ እግር አልተንቀሳቀሰም። ቱንቢ ፌሮውን ሲነቅለው አባቴ ጫማውን አንስቶ ቀዳዳው ላይ አስቀመጠ።

«ዝም» አለው።

አንድ ነገር የቀበሩ መሰለኝ።

ወደ ክፍሌ ሲመለሱ እናቴ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ገባች። «ታዲያ ለምን ተሰበረ? ቤቴ ምን ሆኗል?» አለች።

አባቴ የእናቴን እጆች አየ። ከውሃ የተነሳ እስከ ክርናቸው ነጥተው ተሸብሽበው ነበር። ከዚያ እኔን አየኝ።

«እሷ ናት» አለ። «ስትዘል አይቻታለሁ።»

ብስክሌት ቤቱ ነበር እኮ! ከየት ሆኖ ያየኛል? ወደ ቱንቢ ዞርኩ፣ ቱንቢ ጄሶ የበጠበጠበትን ቆርቆሮ አንስቶ ውስጡን ያይ ጀመር።

«አልሰበርኩም!»

«አባትሽ አይቶሻል እኮ!» አለች እናቴ። «አንቺ ደረቅ!»

«አክስቷ ጋ ትሂድ» አለ አባቴ፣ እኔን ሳያይ። «ሥራው እስኪያልቅ።»

ዛሬ ሳስበው አባቴ ተንኮለኛ ሰው አልነበረም። አንድ ነገር ቶሎ መናገር ነበረበት፣ እጁ አጠገብ የተገኘሁት እኔ ነኝ። ይህን ለማወቅ ግን ፀጉሬ መሸበት ነበረበት።

አክስቴ፣ የአባቴ እህት፣ ከከተማው ማዶ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ብቻዋን ትኖር ነበር። ክፉ አልነበረችም። ግን ከሰው ይልቅ ከሬድዮኗ ጋር ነበር የምታወራው። ዜና አንባቢውን «ተው እንጂ! አትለኝም!» ትለዋለች፤ እኔን «ብላቴና፣ መቀስ» ትለኛለች። የምተኛው ባልተቆረጠ ጨርቅ ክምር አጠገብ በታጣፊ አልጋ ነበር። ግድግዳው ምንም ስንጥቅ አልነበረውም። የምነግረው አጣሁ።

አባቴ አንዳንድ እሁድ ይመጣል። መጀመሪያ በቀዩ ብስክሌት መጣ። ቀጥሎ በሰማያዊው። ቀጥሎ ጎማው በተጠጋገነው አሮጌ። ከዚያ በእግሩ መጣ፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነክቶት።

«ብስክሌቶቹስ?» አልኩት።

«ተሸጡ።»

«ለምን?»

«ለቤቱ ነዋ።»

እንግዲህ የልጅ ሒሳብ እንዲህ ነው፦ ቤቱን የያዘችው መስታወቷ ናት፣ ስለዚህ ብስክሌቶቹ የተሸጡት ሌላ መስታወት ለመግዛት ነው። አንዲት ጣት የምታህል ነገር በር ላይ የተደረደረውን ሁሉ በላች። እውነትም ብሰብራት ኖሮ መባረር ሲያንሰኝ ነው አልኩ። ለጊዜው ፈረድኩላቸው።

ከአክስቴ መንገድ ጥግ መስታወት ቆራጭ ነበር። አንድ ቀን ክር ግዢ ስባል ጎራ አልኩ። ሰውየው ጠረጴዛው ላይ ሰፊ መስታወት ዘርግቶ በአልማዙ እየሰነጠቀ ነበር።

«ይህን የምታህል ስንት ናት?» ጣቴን አሳየሁት።

ጣቴን ጎንበስ ብሎ መረመረ። «ለጉንዳን መስኮት ልትሠሪ ነው?»

«ለቤት ነው።»

«ቤቱ የማን ነው፣ የጉንዳን?» ብሎ ብቻውን ሳቀ። ከጠረጴዛው ሥር ሳጥን ጎተተ። በቁርጥራጭ የተሞላ ነበር። አንዷን መዘዘና በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። «እንኪ። ይኼ ተጠርጎ የሚጣል ነው። እጅሽን እንዳትቆረጪ።»

አላመሰገንኩትም። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። የአባቴን ብስክሌቶች የበላች ነገር እዚህ ሳጥን ሙሉ ተጥላለች። እንግዲያው እኔን ያባረሩኝ በመስታወቷ አይደለማ። ስላልፈለጉኝ ነው። ይህን ያሰብኩበትን ቦታ ዛሬም በእግሬ ላሳያችሁ እችላለሁ።

ክሩን ሳልገዛ፣ ከተማውን አቋርጬ በእግሬ ወደ ቤት ሄድኩ። ጋዜጣውን እንደ እንቁላል ነበር የያዝኩት። መስታወቷን እሰጣቸዋለሁ፣ «ይኸው፣ በነፃ ነው» እላቸዋለሁ፣ ከዚያ የሚሉትን አያለሁ።

ጓሮ ስደርስ ክፍሌ የለችም። መስኮቴ በነበረበት ሰማይ ነበር። አንሶላም አልተሰጣም። የቀሩት ሁለቱ ክፍሎች በወፋፍራም ባላ ተደግፈው፣ ሥራቸው ተቦርቡሮ ቆመዋል። አባቴ ጉድጓድ ውስጥ ነበር፣ ቱንቢ ከላይ ድንጋይ ያቀብለዋል። ድንጋዮቹን አወቅኋቸው። ባንድ ጎናቸው ሰማያዊ ቀለም አለባቸው። ክፍሌን አፍርሰው እናትና አባቴ ከሚተኙበት ክፍል ሥር እየጠቀጠቋት ነበር።

ወደ ጉድጓዱ አፋፍ ተጠጋሁ።

«አባዬ።»

ቀና አለ። ፊቱ አመድ መሰለ። «ወደ ኋላ!» ብሎ ጮኸ፣ ከአባቴ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ። «ሂጂ ከዚህ! አክስትሽ ጋ ሂጂ!»

ሄድኩ። መስታወቷ ከነጋዜጣዋ በእጄ ነበረች።

ዛሬ በባላ ብቻ የቆመ ግድግዳ ሥር ልጅ ስትጠጋ ባይ እኔም ከዚያ በላይ ነው የምጮኸው። ድንጋዩም ቢሆን አዲስ የሚገዛበት አቅም አልነበረም፤ ሦስቱን ማዳን ሲያቅት አንዷን አፍርሶ ሁለቱን ማቆም ነበር የቀረው። ግን ልጅ ነኝ። የሰማሁት «ሂጂ» ነው።

«ሥራው እስኪያልቅ» የተባለው አለቀ፣ እኔ ግን አልተመለስኩም። የምመለስበት ክፍል የለማ። ትምህርት ቤቱ ራቀ፣ አክስቴ እጅ አስፈለጋት፣ ቆየት ብሎ ታመመች። ልጅነቴ ዩኒፎርም ላይ ቁልፍ ስተክል አለቀ። አባቴ ለእናቴ ክፍሏን የሠሩት ግንበኞች ሲሚንቶውን በልተውበት ነው ብሏት ኖሯል፤ እሷም እነዚያን ሰዎች ዕድሜ ልኳን ረገመቻቸው። ከዚያ አባቴ ከግድግዳው ሥር እስከ መንገድ ድረስ በድንጋይ የተነጠፈ ቦይ ሠራ። ለምን ሲባል «ለትንኝ» አለ። እናቴ «ወንድ ልጅ ትንኝ ሲፈራ አየሁ» እያለች የሳፋዋን ውሃ እዚያ ደፋች።

አባቴ ሞተ። አክስቴም ሞተች። የእናቴ እግር እንቢ ሲል እሷ ጋ ገባሁ። የምተኛው አሁንም በታጣፊ አልጋ ነው፣ በፊተኛው ክፍል፣ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት። አትክልት እሸጣለሁ። ከዚያ እየቆነጠርኩ የራሴ ቁልፍ ያላት አንዲት ክፍል ለመከራየት አጠራቅም ነበር። የእናቴ ክፍል ግድግዳ ላይ ስንጥቅ ያየሁት፣ የምከራያትንም ክፍል አይቼ የጨረስኩ ሰሞን ነው።

ግንበኛ አስጠራሁ። ወፍራም፣ ስልኩ የማያርፍ ሰው ነው። ስንጥቁን በጣቱ ዳሰሰና «መስታወት ቢጤ አለሽ እህቴ? ቀጭን» አለኝ።

ሳጥኔን ከፍቼ ጋዜጣውን አወጣሁ። ወረቀቱ ስነካው ይፈረፈር ነበር። እኔ ነገር አልጥልም።

በጄሶ ለጠፋት። «ማንም እንዳይነካት» አለ።

«ማን አለና» አልኩት።

እናቴን ጎረቤታችን በረንዳዋ ላይ ፀሐይ እንድትሞቅ የወሰደቻት ቀን ከገበያ ስመለስ በሩ እንደቆለፍኩት ነበር። ከፍቼ ገባሁ። መስታወቷ ለሁለት ተሰብራ ግማሿ ወለሉ ላይ ነው። አንድ ቀጥ ያለ መስመር። የእናቴ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። «አልሰበርኩም» አልኩ ጮክ ብዬ። ቤቱ ባዶ ነበር።

ግንበኛው ሲመጣ ቅር እንኳ አላለውም። «ለመሰበር አይደል የምትለጠፈው! መሬቱ እየሄደ እንደሆነ የምትነግረን እሷ ናት። ሰው ከነካት ትደቃለች። እንዲህ በአንድ መስመር የምትሰብራት መሬት ብቻ ናት።»

ቱንቢ ያውቅ ነበር። ቁራጯን ብርሃን ላይ ይዞ ያያት አባቴም አውቋል።

ወደ ጓሮ ዞርን። ፌሮውን አቆመና ጫን ሲለው ልክ እንደ ያኔው ሰመጠ። የአባቴ ቦይ በአፈር ተደፍኗል፣ የጣሪያው አሸንዳ ደግሞ ውሃውን እዚያው ይደፋል። «የአሁኑ የአሸንዳው ነው» አለ ሰውየው። «ግን እዚህ ከድሮም ብዙ ውሃ ፈሷል። የሳሙና ውሃ አፈሩን ያጠበው ይመስላል። አጣቢ ነበረ እዚህ ቤት?»

ጎንበስ ብዬ ቀዳዳውን አየሁት። በዓይኔ የሚታየኝ ቀዳዳው ላይ የተቀመጠው የአባቴ ጫማ ነበር።

ስለ ዋጋውም ልንገራችሁ፣ ቤት ያለው ሰው ይስማ። መሠረት የሚጠገነው በሜትር ነው። ደረቅ መሬት እስኪገኝ የሚቆፈረው ጥልቀት ዋጋውን ያንረዋል፣ ጥቁር አፈር ከሆነ ይብሳል። አንዱን ጉድጓድ ሞልተው ሳይደርቅ ሌላውን አይከፍቱም፣ ስለዚህ የቀን ሠራተኛው ሒሳብ ይበዛል። ባላው ለብቻ ነው፣ ሲሚንቶው ለብቻ ነው። «ያልኩሽ ላይ ግማሹን ጨምረሽ ያዢ፣ ጉድጓድ ሲከፈት የማያሳይሽ ነገር የለም» አለኝ። ከሁሉ የሚረክሰው ውሃን ከግድግዳ ማራቅ ነው፣ ሰው ግን የሚያስታውሰው መጨረሻ ላይ ነው። በዋጋው ልከራከረው ሞከርኩ፣ ሰውየውም ቱንቢ አይደለም፣ ትንሽ ቀነሰልኝ። ያም ሆኖ የቁልፌ ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ሄደ።

ስገባ እናቴ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ በመስኮቱ በኩል ታዳምጥ ኖሯል።

«ውሃ ሲል ሰማሁት» አለች።

«የአሸንዳው ነው።»

«አሁን ነው እሱ። ያኔስ?»

ብርድ ልብሷን ሳብ አደረግሁላት።

«እዚያ ጋ እኮ እኔ ነበርኩ…» እጆቿ ሳፋ እንደያዘ ሰው ተነሱና አየር ላይ ጋደል አሉ። እዚያው ላይ ቀሩ። «ያቺን ክፍል በእጄ አቁሜ፣ በእጄ…»

አልጨረሰችውም። ፊቷ ድንገት የሚፈርስ ቤት ውስጥ የቆመች ሴት ፊት መሰለኝ። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«መስታወቱን አንቺ ነሽ የሰበርሽው፣ አይደለም?»

እስከዚያ ቀን አንድም ጊዜ ጠይቃኝ አታውቅም። ትነግረኝ ነበር እንጂ። ሁለቱ ቁራጮች በኪሴ ውስጥ ነበሩ። ብርሃን ላይ አድርጌ ባሳያት ያለቀ ነገር ነው። ይህንን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር የኖርኩት፣ መልሱንም አውቶቡስ ላይ ሳይቀር ስለማመደው ነበር።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«እኔ ነኝ የሰበርኳት። ስዘል።»

ትንፋሿ ወጣ። ከዚያ ጭኗን በጥፊ መታች። «ይኼው! አባትሽ አይቶሻል እኮ! ብዬሽ ነበር! ይህን ሁሉ ዘመን! አንቺ ደረቅ!»

«ደረቅ ነኝ።»

«ክፍሏንማ እነዚያ ሲሚንቶ በላተኞች ናቸው የገደሏት። እጃቸው ይሰበር።»

«ይሰበር» አልኩ። ትራሷን አስተካከልኩላት።

በማግስቱ ቁፋሮው ተጀመረ። እናቴን የጎረቤታችን በረንዳ ላይ አስቀምጫት የእሷን አንሶላ አጠብኩ። በአጥሩ በኩል ስታወራ ይሰማኛል፦ «አመነች እኮ! በመጨረሻ አመነች!» ጎረቤቷም «ኧረ ተይ! እሷ? ያቺ ግትር?» እያለች ይሳሳቃሉ። የሳፋውን ውሃ እዚያው ልደፋ ጎንበስ አልኩና ተውኩት። አንስቼ፣ በግንበኛው ጉድጓድ ዳር ዞሬ፣ በበሩ ወጥቼ እስከ መንገዱ ቦይ ተሸከምኩት። ከባድ ነው፣ ጫማዬ ላይ ይፈሳል። ሳቋ እስከዚያ ድረስ ይሰማ ነበር።